ከቤታችን ጀርባ የጎበጠው ቦይ

ባለፈው ሳምንት ወንድሜ ታምራት ደወለልኝ። እኔ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው፤ እሱ በመሐል ሜዳና በቀየት መካከል ባለው መንደራችን፣ አባታችን በሠራው ቤት ውስጥ ከእናታችን ጋር ይኖራል። በስልኩ ውስጥ የአገሬ ነፋስ ይሰማኛል። ክረምቱ ሳይገባ ከቤቱ ጀርባ ያለውን የጎርፍ ቦይ በድንጋይና በሲሚንቶ ሊያስገነባው እንደሆነ ነገረኝና ሳቀ።

"ስሚማ እታፈር፣ አባዬ ይህንን ቦይ ሲቆፍር ጠጥቶ ነበር እንዴ? ከዳር ቀጥ ብሎ ይመጣና መሃል ላይ እንደ ክርን ይታጠፋል፤ ዞሮ ደግሞ ይመለሳል። እኔ አቀናዋለሁ።"

"ትንሽ ቆይ" አልኩት።

"ምን እቆያለሁ? ዝናቡ ደረሰ እኮ!"

መልሼ እደውላለሁ ብዬ ዘጋሁት። ከአልጋዬ ሥር ካለው ካርቶን ውስጥ አንድ የታጠፈ ባለካሬ ወረቀት አወጣሁ። የቤታችን ፕላን ነው። በእርሳስ የተሠራ፣ ጥንቅቅ ያለ ነው። አንድ ቦታ ላይ ግን ቤቱ በላጲስ ጠፍቶ ዝቅ ብሎ ተሰምሯል። ላጲሱ ወረቀቱን ስላሳሳው ወደ መስኮቱ ብርሃን ሳነሳው ያ ቦታ ብቻውን ያበራል።

የሠራሁት በየከተማው ዩኒቨርሲቲ መከፈት በጀመረባቸው ዓመታት ነው። የምህንድስና ሁለተኛ ዓመቴን ጨርሼ ለክረምት ወደ ቤት ገባሁ። ከአውቶቡስ መሐል ሜዳ ወርጄ ጫማዬን በእጄ ይዤ ጭቃውን በእግሬ ነበር የሄድኩት። ገብሱ ገና አረንጓዴ ነው፤ ጉሙ ከገደሉ አፍ እየተነሳ ማሳውን ይሸፍነዋል፤ ደግሞ ይገልጠዋል። የፍልሰታ ጾም ስለነበር እናቴ የተልባ ወጥ በገብስ እንጀራ አቀረበችልኝ። ገና ሁለት ጊዜ ሳልጎርስ አባቴ የመሬት ደብተሩን ከሣጥን አውጥቶ ፊቴ አስቀመጠው።

"ብይና እንወጣለን" አለኝ። "ቤቱን የምትነድፊው አንቺ ነሽ።"

የአያቴ ቤት አርጅቶ ነበር። የጓሳ ሣር ክዳኑ በስብሶ ክረምት በገባ ቁጥር ድስትና ጣሳ እየደረደርን ነበር የምናድረው። አባቴ የቆርቆሮ ቤት ፈለገ፤ አራት ማዕዘን፣ ባለ ሦስት ክፍል፣ መስኮቱ ወደ ምሥራቅ የሚያይ። ያለን ቦታ ደግሞ ከጓሮው በላይ ያለው ተዳፋት ብቻ ነበር። አንድ የቅየሳ ትምህርት ብቻ እንደወሰድኩ ልነግረው ፈልጌ ነበር። እኔ ግን ያኔ ለሰው፣ ለአባቴም ቢሆን፣ እንዲህ ያለ ነገር ለመናገር የምደፍር ልጅ አልነበርኩም። ክፍል ውስጥ ስሜ ሲጠራ እንኳ ድምፄ አይወጣም። ዝም ብዬ ተከተልኩት።

ግንበኛው ጋሽ ወንድይፍራው ቀድመውን ደርሰው ቁልቁል እያዩ ነበር። በአካባቢው ያለውን የድንጋይ ቤት አብዛኛውን የሠሩት እሳቸው ናቸው። "መጣች መሐንዲሷ!" አሉ። "በይ እንግዲህ፣ እኛ በዓይናችን ነው የምንለካው። አንቺ በምን ልትለኪ ነው?"

ከጓዳ ፈልጌ ያገኘሁትን ነጭ የላስቲክ ቱቦ አሳየኋቸው። ውሃ ሞልተን ጫፍና ጫፉን ከያዝነው ውሃው በሁለቱም በኩል እኩል ከፍታ ላይ ይቆማል፤ ከዚያ ወደ መሬት ስንለካ ተዳፋቱ ምን ያህል እንደሚወርድ እናውቃለን አልኩ። ድምፄ እየተንቀጠቀጠ ነበር። ጋሽ ወንድይፍራው ቱቦውን አገላብጠው አዩና፣ "ውሃማ አይዋሽም" አሉ።

አባቴ ቤቱን የፈለገው ከላይ፣ አንዲት የአስታ ዛፍ ከበቀለችበት አጠገብ ነበር። ፀሐይ መጀመሪያ የምትደርሰው እዚያ ነው፤ ውሃም አያቁርም። ከአስታዋ ጥቂት ራቅ ብሎ እሱ ራሱ በወገብ ልክ የሙከራ ጉድጓድ ቆፈረ። ቀይ፣ ደረቅ፣ ጥሩ አፈር ነበር፤ አንድም ድንጋይ አላጋጠመውም። የኋላውን እየቆረጥን አፈሩን ወደ ፊት እንሞላለን፣ ፊቱን በካብ እንደግፋለን ተባባልን። እናቴ ከጓሮው በር ላይ ቆማ፣ በነጠላዋ አፏን ይዛ ታይ ነበር። ከዶማው ጋር ዓይኗ ይወጣና ይወርድ ነበር። ያኔ የብርድ መስሎኝ ነበር።

አራት ችካል ተክለን ሲባጎ ወጠርን። በማግስቱ ጠዋት ስወጣ ሁለቱ የላይኞቹ ችካሎች ከቦታቸው አንድ እርምጃ ወርደዋል። ስህተቱን የራሴ አደረግኩት። እንደገና ለክቼ መለስኳቸው፤ ልኩንም በወረቀቱ ጥግ ጻፍኩ። በሁለተኛው ጠዋት ደግሞ ወርደው አገኘኋቸው። ሲባጎው ሳይረግብ ውጥር እንዳለ ነበር። በግ ቢረግጠው ይረግባል። ቀና ብዬ ወደ አስታዋ አየሁ፤ ከሥሯ አንዲት ጠፍጣፋ ድንጋይ አለች፤ ሣር አልበቀለባትም። ጉሙ መጥቶ ሁለቱንም ሸፈናቸው። ወደ ቤት የተመለስኩት በሩጫ ነው።

"ሰው ነው የነቀለው?" አለ አባቴ።

"ሰውማ ነቅሎ ይጥላል እንጂ ለክቶ አይተክልም" አሉ ጋሽ ወንድይፍራው። እንደ ቀልድ ጀምረው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ቦታው ባለቤት ይኖረው ይሆናል።"

"ባለቤቱማ እኔ ነኝ፤ ደብተሩ ላይ ፎቶዬ አለ" አለ አባቴ። ሁለቱ ሳቁ። እናቴ ግን ገብስ የምታበጥርበትን ሰፌድ አስቀምጣ ወደ ውስጥ ገባች።

በሦስተኛው ቀን ጎሕ ሲቀድ ነቃሁ። ፈርቼ ነበር፤ ግን ልኬ እየተዛባ ዝም ማለት ደግሞ አልቻልኩም። ጋቢዬን ተከናንቤ ወጣሁ። ጉሙ ወፍራም ነበርና መጀመሪያ የሰማሁት ድምፅ ነው፤ በጨርቅ የታፈነ፣ ዱብ፣ ዱብ የሚል። ቀረብ ስል አንድ ሰው የበግ ጠጉር ባና ለብሶ አጎንብሷል። ሰውየው ቀና ሲል እናቴ ናት። በእጇ በመቀነቷ የጠቀለለችው ድንጋይ ነበር።

አልደነገጠችም። "ቀስ በይ፣ እሷ ላይ እንዳትቆሚ" አለችኝ።

እግሬን አነሳሁ። ከጠፍጣፋዋ ድንጋይ አጠገብ ነበርኩ።

"ማን ናት?"

"እህትሽ ናታ።"

ከእኔ በፊት የተወለደች ልጅ ነበረቻት። አባቴ ያኔ ለውትድርና ተወስዷል። ሕፃኗ ሰማንያ ቀኗ ሊሞላ፣ ክርስትና ልትነሳ፣ ሁለት ሳምንት ሲቀራት ታመመች። የክረምቱ ዝናብ ወንዙን ሞልቶት ቄስ የሚጠራ ሰው መሻገር አቃተው። ውሃው ሲጎድል ሕፃኗ አልፋ ነበር። ክርስትና ያልተነሳ ሕፃን በአገራችን ልማድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ አይቀበርም። እናቴና አንዲት አዋላጅ አሮጊት እዚህ አምጥተው አስተኟት። አሮጊቷም ቆይተው ሞቱ።

"አባዬስ?"

"ከዘመቻ ሲመለስ መጀመሪያ የጠየቀኝ፣ 'ክርስትና አንስተሻታል?' ብሎ ነው።" እናቴ ድንጋዩን ከመቀነቷ ፈታችው። "ሰውዬው አጥንትና ቆዳ ሆኖ ነው የመጣው። አዎ አልኩት። ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ ካለው ጥድ ሥር ናት አልኩት። ምን ልበለው?"

ያን ጥድ አውቀዋለሁ። አባቴ በበዓል ቀን ከቅዳሴ ስንወጣ ሁልጊዜ እዚያ ቆም ብሎ ራሱን ዝቅ ያደርጋል። ልጅ ሆኜ ዛፉን የሚሳለም ይመስለኝ ነበር። እታፈራሁ የሚለውን ስም ያወጣችልኝም እናቴ ናት። ታላቅ እህት ሳይኖረኝ ማን ነው እህት አፈራሁ ያለው ብዬ ጠይቄያት፣ "ስም ነው፤ ስም ምን ይጠየቃል" ብላኝ ነበር።

"እኔ እንደ ሌባ ችካል እየነቀልኩ እስከ መቼ?" አለች እናቴ። "አንቺ ንገሪው። እኔን አይሰማኝም፤ ወረቀትሽን ይሰማል። ከላይ አይሆንም በይው።"

"ምን ምክንያት ልስጠው?"

"ያስተማሩሽን ነገር ስጪው።"

ያን ቀን ረፋዱ ላይ ወረቀቴን ይዤ በሁለቱ ሰዎች ፊት ቆምኩ። ላጲሱ ሥራውን ጨርሶ ነበር። የላይኛው አፈር አንድም ድንጋይ የሌለበት ልል አፈር ስለሆነ ከኋላ ስንቆርጠው ክረምት ላይ ይናዳል፣ ቤቱ አሥራ ሁለት እርምጃ ወደ ታች መውረድ አለበት አልኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፄ አልተንቀጠቀጠም።

ጋሽ ወንድይፍራው ቆባቸውን አወለቁ። "ልጄ፣ ታች እኮ መረሬ፣ ጥቁር አፈር ነው። ክረምት ውሃ ይተኛበታል። ይኼኛው ቀይ አፈር እንደ ግንብ ነው የሚቆመው። እጄን ያዥና ልማልልሽ።"

"ወረቀቱ እንዲህ ይላል?" አለ አባቴ እያየኝ።

"ይላል።"

ወረቀቱን ከእጄ ተቀብሎ አየው። ከዚያ ወደ ግንበኛው ዞሮ፣ "ያስተማርናት ለዚህ አይደል?" አለ። "ይውረድ።"

ጋሽ ወንድይፍራው ቱቦዬን ጠቅልለው ሰጡኝ። "ውሃው አይዋሽም ብዬ ነበር" አሉ። መስቀል እንዳለፈ መሠረቱ ተቆፈረ፤ እኔም ወደ ትምህርቴ ተመለስኩ።

በሚቀጥለው ክረምት ስመጣ ቆርቆሮው ከሩቅ ያብረቀርቃል። በሩን ስከፍት የረጠበ አፈር ሽታ ተቀበለኝ። ውሃው ከወለሉ እየመነጨ ነበር። የኋለኛው ግድግዳ እስከ ጉልበት ድረስ ጠቁሯል። እናቴ አልጋውን በድንጋይ ከፍ አድርጋዋለች። ሌሊቱን ሙሉ የአባቴን ሳል ሰማሁ። ከዚያ በፊት አይስልም ነበር። ስለ ቤቱ ግን አንድ ቃል አልተናገረኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ጠዋት ከቤቱ በላይ ስወጣ አዲሱን ቦይ አየሁ። ጎርፉን ከላይ ለመጥለፍ አባቴ ብቻውን የቆፈረው ነው። ከምዕራቡ ዳር እንደ ሲባጎ ቀጥ ብሎ ይመጣና አስታዋ ጋ ሲቃረብ ይታጠፋል፤ ጠፍጣፋዋን ድንጋይ ሰፋ አድርጎ ይዞራትና ተመልሶ መስመሩን ይይዛል። አባቴ ዶማውን ተደግፎ ቆሞ ነበር።

"አባዬ፣ ምነው ጎበጠ?"

"ዓለት ገጠመኝ" አለ።

ዓለት እንደሌለ እሱ ያውቃል፤ ጉድጓዱን የቆፈረው እሱ ነው። እኔም አውቃለሁ፤ አንድም ድንጋይ የለም ብዬ ቤቱን ያስወረድኩት እኔ ነኝ። ተያየን። ላርመው አልቻልኩም፤ እሱም አላረመኝም። ዶማውን በትከሻው አድርጎ ወረደ።

ያን የገጠመውን ነገር ዶማው ነክቶት ይሁን፣ ወይስ ከዘመቻ ከተመለሰበት ቀን ጀምሮ ሲያውቅ ኖሮ ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። የማውቀው በተከታዩ ዓመት ለጥምቀት እረፍት ወስጄ ስሄድ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ እንደ ድሮው ጥዱ ሥር ቆም ብሎ ራሱን ዝቅ ማድረጉን ነው። እናቴ ከጎኑ ነበረች። ከሞተም በኋላ ራሱ በተናዘዘው መሠረት እዚያው ጥድ ሥር ቀበርነው። ደረቱ ነው የገደለው፤ ሐኪሙ ብርድ ነው አለ። እኔ ግን ከቀብሩ ስመለስ የጠቆረውን ግድግዳ ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም። ዛሬ ሥራዬ የሰው ቤት መንደፍ ነው። አፈሩ ልል ነው ብዬ በጻፍኩ ቁጥር ቆም ብዬ፣ እውነቴን ነው? እላለሁ።

ፕላኑን አጥፌ ለታምራት መልሼ ደወልኩለት። ቤቱ ሲሠራ ገና ትንሽ ልጅ ነበርና ምንም አያስታውስም።

"አታቅናው" አልኩት።

"ለምን?"

ከአፌ የወጣው የአባቴ ቃል ነበር። "ዓለት አለ እዚያ ጋ።"

"እማዬም ትናንት እንዲሁ አለችኝ፤ ዓለት ነው፣ አባትህ ያውቃል አለችኝ። ምን ዓለት? ዛሬ ጠዋት ጫፉን በዶማ ነካ አድርጌው ነበር፤ ቅቤ የመሰለ አፈር ነው።"

እናቴ ያን ቃል ከማን ሰማችው? አባቴ ነግሯት ይሆን? ወይስ እኔና እሱ ዳገቱ ላይ ቆመን ሳለ ከጓሮው በር ላይ ሆና ታዳምጥ ነበር? በሌለ ዓለት ዙሪያ ሦስት ሰዎች አንድ ጣሪያ ሥር ኖርን፤ አንዳችንም ለሌላው አልተናገርንም።

"ሃሎ? እታፈር፣ አለሽ?"

"አለሁ። ታሜ፣ ዶማውን አስቀምጠው። ቅዳሜ እመጣለሁ። እስክመጣ ድረስ አንድ እጅ አፈር እንዳታነሳ።"

"ለቦይ ብለሽ ከደብረ ብርሃን?"

"ለቦዩ።"

ነገ ቅዳሜ ነው። ለእናቴ የምወስድላት ስኳርና የሱፍ ሹራብ ተዘጋጅቷል፤ ፕላኑንም ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼዋለሁ። መጀመሪያ አባቴ ስለ ዓለቱ ያለኝን ለእናቴ እነግራታለሁ፤ ከዚያ ሦስታችንም አስታዋ ድረስ እንወጣለን። እንዲህ ያለ ነገር በሰው ፊት መናገር ዛሬም ይከብደኛል፤ ስለዚህ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ከትናንት ጀምሮ ብቻዬን ጮክ ብዬ እለማመደዋለሁ። ታሜ፣ እኔ የበኩር ልጅ አይደለሁም።