ሶፍት ላይ የወጣ ቅጠል

ያሰሩኝ እኛው ጋይንት፣ አርብ ገበያ ላይ ነው፣ ገብሱን ከአህያዬ ላይ ሳላወርድ። «ቁስለኛ አክመሃል» አሉኝ። «የማክመው የመጣልኝን ነው፤ ከየት መጣህ ብዬ አልጠይቅም» አልኳቸው። እውነት ነው፣ አልጠይቅም። አህያዬን ለጎረቤቴ አስረክቤ መኪናቸው ላይ ወጣሁ።

ያስገቡን ንፋስ መውጫ፣ አንድ መጋዘን ውስጥ ነው። ድሮ ማዳበሪያ ይቀመጥበት ኖሮ ሽታው ዓይን ያስለቅሳል። የምንቀመጠውም የምንተኛውም ባዶ ጆንያ ላይ ነበር።

አጠገቤ አንድ ጎልማሳ ነበር፣ የእስቴ ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ የሚያስተምር። በምን እንደታሰረ ስጠይቀው «ተናገርኩ» አለኝ፤ ሌላ አልጨመረም። ሲያመጡት እግሩን ያሰሩበት ገመድ ቁርጭምጭሚቱን በልቶት ነበር። አንዲት የጤና ባለሙያ አንዴ መጥታ አጠበችለትና በትንሽ ጠርሙስ አልኮል ትታለት ሄደች። ቁስሉ ግን ማዠት ጀመረ።

እኔ ደግሞ መድኃኒቱ ነበረኝ። በጋቢዬ ጥለት ውስጥ የቋጠርኳትን ሲፈትሹኝ አላገኟትም። ከስማዳ ቆላ የሚለቀም፣ ደርቆ የደቀቀ ቅጠል ነው፤ ለአባቴ አባቱ፣ ለእኔ አባቴ ያሳየን።

«እግርህን ስጠኝ» አልኩት።

«ምንድን ነው እሱ፣ አባባ?»

«መድኃኒት።»

«የምን ቅጠል?»

«እሱን አይጠይቁም። ስሙ ከተነገረ ይረክሳል፣ አይሠራም።»

«እንግዲያው አይነካኝም። የማላውቀውን ነገር ቁስሌ ላይ አላደርግም።»

«የእስቴ ሰው ግትር ነው ሲሉ እሰማ ነበር።»

«የጋይንትስ?»

እስረኛው ሁሉ ሳቀብን። በማግስቱ ግን እግሩ እስከ ጉልበቱ ቀላ፣ ትኩሳትም ያዘው። እኔ ስሙን አልናገርም፣ እሱ አያስነካም።

«አባባ» አለኝ በመጨረሻ፣ «ስሙን ይተዉት። ቆንጠር አድርገው ይስጡኝና ውስጡ ምን እንዳለ ልየው።»

«በምን ልታየው?»

«በሶፍት።»

የቀለደብኝ መሰለኝ። ቢሆንም ምን ሊያደርግ ነው ብዬ ቆንጥሬ ሰጠሁት። ቅጠሉን በሃይላንድ ክዳን ውስጥ በጥቂት አልኮል አሸው፤ አረንጓዴ ውሃ ወጣው። ሶፍቱን እንደ ጥብጣብ ቀደደና ከጫፉ ከፍ ብሎ በክብሪት እንጨት አንዲት ነጥብ አደረገበት፤ እያደረቀ ደጋገማት። ከዚያ የሶፍቱን ጫፍ ብቻ ንጹሕ አልኮል አስነክቶ ቀጥ አድርጎ ያዘው።

አልኮሉ ማንም ሳይጎትተው ሽቅብ መውጣት ጀመረ። ነጥቧ ጋ ሲደርስ ይዟት ተነሣ። ትንሽ ቆይቶ አንድ የነበረው ተለያየ። ቢጫው ቀድሞ ወጣ፣ አረንጓዴው ተከተለ፣ ከሥር ቀላ ያለ ነገር ቀረ። አፌን ከፍቼ አይ ነበር።

«ሁሉም ቅጠሉ ውስጥ አብረው ነበሩ» አለኝ። «አልኮሉ ተሸክሟቸው ሲሄድ ሶፍቱን አጥብቆ የሚይዘው ወደ ኋላ ይቀራል፤ የማይይዘው ይቀድማል።»

«አውድማ ላይ ማዝራት በለኛ! አልኮሉ ንፋሱ ነው። ታዲያ የሚያድነው የቱ ነው፣ ቢጫው?»

«እሱን ሶፍት አይነግረንም። የሚያድነው ጭራሽ ቀለም የሌለው ሊሆን ይችላል። ዩኒቨርሲቲ ያለው ትልቁ ማሽን ቢኖር አንድ በአንድ ይለየው ነበር። ከዚያም በኋላ መሞከር አለ።»

ቀላ ያለውን አተኩሮ ሲያይ ቆየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አባባ፣ ይሄ ሁሉ ከአንድ ቅጠል የመጣ አይመስለኝም። ሁለት ነው እንዴ?»

ደነገጥኩ። እኛ ዘንድ መድኃኒት አዋቂ ሌላ ቅጠል ቀላቅሎ ነው የሚያደቀው። ማሳሳቻ ነው፤ ሰው አይቶ እንዳይለየው። ሚስቴ እንኳ አታውቅም። ከአፌ ሳይወጣ ሶፍት ላይ ወጣ።

እግሩን አየሁት። ብናገር መድኃኒቱ ይረክሳል፤ ባልናገር እግሩ ይሄዳል። ተጠግቼ የሁለቱንም ስም በጆሮው ነገርኩት፣ የትኛው ማሳሳቻ እንደሆነም ጭምር።

«ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ» አለ፤ እግሩን ዘረጋልኝ።

ሶፍቱን ግድግዳ ላይ ለጥፎት ነበር። ጠዋት ጠባቂው ሊቆጥረን ሲገባ ዓይኑ አረፈበት።

«ባንዲራ ሠርታችኋል?»

«ቢጫውን ከላይ አድርገን?» አለ አንዱ ከጥግ።

«የማን ነው?»

«የኔ ነው» አልኩ፣ መምህሩን ቀድሜ። በዚያ እግሩ መቆም አይችልም ነበር።

መርማሪ ዘንድ ወሰዱኝ። ሶፍቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ቅጠል ነው። መድኃኒት።»

«ስሙን ተናገር። ካልሆነ ምልክት ነው፣ መልእክት ነው ብዬ እይዘዋለሁ።»

ብነግረው ምን ይጎዳኛል አልኩ በሆዴ። አንዴ ተነግሯል። ግን አጠያየቁ ደስ አላለኝም።

«ስሙን የምነግረው ላመመው ነው» አልኩት። «አንተንም ካመመህ ና፣ እነግርሃለሁ።»

ጠባቂዎቹን ጠራ። «ውሰዱት» አለ። እስኪመሽ ያለ ጋቢ ግቢው ውስጥ አቆሙኝ፤ የንፋስ መውጫን ንፋስ የሚያውቅ ያውቀዋል። በዚያች ሶፍት ሰበብም ከሌሎቹ ዘግይቼ ተፈታሁ።

የመምህሩ እግር ዳነ። ስሙ ተነግሮም ሠራ ማለት ነው? ወይስ ያዳነው አልኮሉ ነው? አላውቅም። አሁን ወደ ማስተማሩ ተመልሷል፤ ትንሽ ያነክሳል እንጂ ይሄዳል። ባለፈው ሊጠይቀኝ ሲመጣ ሁለቱን ቅጠሎች ለየብቻ ቋጥሬ ሰጠሁት፣ ማሽኑ ይያቸው ብዬ። «ስማቸውን ልጻፍ?» ሲለኝ «ጻፍ፣ የአባቴንም ስም አብረህ ጻፍ» አልኩት። የሰፈሩ ሰው ሽማግሌው መድኃኒቱን አረከሰ ይላል። ይበል።

መልሱ ገና አልመጣም። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። አባቴ ማሳሳቻ ነው እያለ ዕድሜውን ሙሉ የቀላቀለው ቅጠል፣ ሰዉን ሲያድን የኖረው እሱ ቢሆንስ?