የኤዶ ሆዳን ክዳን

ባለፈው ሳምንት አንድ የሕግ ባለሙያ በሬዲዮ «የእኛ ፈጣሪዎች የፈጠሩትን ነገር ለይተው አያውቁትም» ሲል ደሜ ፈላ። ሻዬን ሳልጨርስ ዘጋሁት። ምነው ኤዶ ሆዳንን ባወቃቸው!

ፊዚክስ ላስተምር ጅጅጋ የተመደብኩት በሃያ አራት ዓመቴ ነው። ኤዶ ሆዳን የግመል ወተት ነጋዴ ነበሩ፤ «ኤዶ» በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው። ወተቱ በሚኒባስ ጣሪያ ላይ ወደ ቶጎጫሌ ሲጓዝ፣ በፀሐዩና በመንገዱ ንጠት ጀሪካኑ ይነፋል፣ ክዳኑ ይፈናጠራል፤ ተሳፋሪው ሁሉ እርጎ እርጎ እየሸተተ ይወርዳል። እሳቸው ክዳኑን በጋለ ምስማር በሱና በቀዳዳው ዙሪያ ትንሽ የቆርቆሮ ኩባያ አስገጠሙበት። አየሩ ይወጣል፤ አረፋው ኩባያው ውስጥ ረግቶ ተመልሶ ይንጠባጠባል። ወር ሳይሞላ የቶጎጫሌ ቆርቆሮ ሠሪዎች መቅዳት ሲጀምሩ፣ ኤዶ ፓተንት፣ ማለትም የፈጠራ ባለቤትነት መብት፣ እንድጠይቅላቸው ወደ እኔ መጡ።

የማመልከቻው ልብ «ይህ የእኔ ነው» የሚባልበት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

«ማዓሊን፣ ኩባያውን ጻፍ» አሉኝ፤ መምህር ማለታቸው ነው። «ቀዳዳ ማንም ይበሳል። የእኔ ኩባያው ነው።»

«ኤዶ፣ ኩባያ ካልን መብትዎ ይጠባል። ቀዳዳ ያለው ክዳን ሁሉ የእርስዎ ይሁን እንጂ!»

«እንግዲህ የተማርከው አንተ ነህ» ብለው ፈረሙ። ኩባያውን በመግለጫውና በሥዕሉ ላይ ብቻ አስቀመጥኩት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው።

ከዓመት በኋላ ከፓተንት መሥሪያ ቤቱ መልስ መጣ። ቀዳዳ ያለው ክዳን በውጭ አገር ቀደም ብሎ ተመዝግቧል ይላል። በቁጣ አዲስ አበባ ድረስ ሄድኩ።

«ኩባያው መግለጫው ላይ አለ እኮ!» ብዬ ማመልከቻችንን ያየው መርማሪ ላይ ጮህኩበት።

«አይቼዋለሁ፤ ጥሩ ሥራ ነው» አለኝ። «ግን ከቀድሞው ፈጠራ ጋር የማስተያየው የእኔ ነው ያላችሁትን ነው። ያላችሁት ደግሞ ቀዳዳ ነው። ኩባያውን እኔ ልጨምርላችሁ አልችልም። ጊዜው ሳያልፍ አስተካክላችሁ አቅርቡ።»

ላስተካክል? እኔ? ሰባት ገጽ መከራከሪያ ጻፍኩ እንጂ «ኩባያ» የምትለዋን ቃል ወደዚያ ዓረፍተ ነገር አላስገባሁም። ጊዜው አለፈ፤ ማመልከቻው ተዘጋ።

«ምን አሉ?» ሲሉ ኤዶ ሆዳን ጠየቁኝ፣ ወተት እየለኩ።

«ቀዳዳ ድሮም ነበር አሉ፣ ኤዶ።»

«እኔስ ምን አልኩህ?»

ወተታቸውን መለካት ቀጠሉ። ክዳኑን እስከ አይሻ ከተማ ድረስ ማንም እየሠራ ሸጠው።

ያንን መርማሪ ለዓመታት ስረግመው ኖሬአለሁ። ምን አጠፋ? የጻፍኩትን አነበበ። ንዴቱ ዛሬም አልለቀቀኝም፤ ባለቤቱን ግን አግኝቷል። ኤዶ ሆዳን የፈጠሩትን ለይተው ያውቁ ነበር፤ በአፋቸው ነግረውኛል። ያልሰማሁት እኔ ነኝ፣ ብዕሩን የያዝኩት።