ሙዱላ የደረሰው ድልድይ

ሐሙስ፣ ንጋት 12 ሰዓት፣ ሆሳዕና

ሾፌሩ ሸፊ ከላንድሮቨሩ ፊት ቆሟል። ሚስተር ማታይ ከኋላው በር አጠገብ ናቸው፤ ዝናብ የለም፣ ዣንጥላቸው ግን ተዘርግቷል። የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር ጋቢ ለብሰው ደረጃው ላይ፣ እኔ ከሻንጣዎቹ ጋር።

ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ነው። ያኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ነበርኩ። ሚስተር ማታይ ሒሳብ የሚያስተምሩ ሕንዳዊ ናቸው። ከዚያ በፊት በአገራቸው በኬረላ ሁለት ጊዜ ለምክር ቤት ተመርጠው፣ በሦስተኛው ወድቀዋል። ሙዱላ ላይ ሊሠራ ለታሰበው ትምህርት ቤት የአካባቢው ሽማግሌዎች ባሕር ዛፍ እንዲሰጡ የሚለምን ሰው ሲያስፈልግ፣ ዲሬክተሩ «ልመናን የተመረጠ ሰው ያውቅበታል» ብለው እሳቸውን ላኩ። እኔ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ፣ ሸፊ ከአማርኛ ወደ አገሩ ቋንቋ እንድንተረጉም ታዘዝን።

ሚስተር ማታይ በኪሶቻቸው ሁለት ደብዳቤ ይዘዋል። የድሮ ፓርቲያቸው እንደገና ተወዳደር ብሎ ጽፎላቸዋል። በቀኝ ኪስ ያለው መልስ «እመጣለሁ» ይላል፣ በግራ ያለው «አልመጣም»። አንዱ በቅዳሜ ፖስታ መሄድ አለበት። ይህን የነገሩኝ የትምህርት ቤቱን ፖስታ የምወስደው እኔ ስለሆንኩ ነው።

ረፋድ፣ ሀደሮ

የገበያ ቀን ነው። አቧራ፣ አህያ፣ በየመደቡ የተቆለለ ዝንጅብል። ሚስተር ማታይ አንዱን ሰብረው አሸተቱና ብዙ ቆዩ። ሴትዮዋ ሃምሳ ሳንቲም አለች፣ እሳቸው ሃያ፤ በሠላሳ ተስማሙ።

«ጋሼ ሚስተር፣ አገርዎ ዝንጅብል የለም?» አላቸው ሸፊ።

ከዚህ የሚበልጥ እንዳለ በእኔ በኩል ነገሩት። ታዲያ ለምን እንደገዙ ጠየቃቸው። ዝንጅብሉን በመሐረባቸው ጠቀለሉ። ቆጮ በጎመን በልተን ተነሣን።

ከሰዓት በኋላ፣ ሙዱላ ሳንደርስ

መንገዱን ወንዝ ይቆርጠዋል፤ ድልድይ የለውም። ሸፊ ጫማውን አውልቆ ሱሪውን ሰብስቦ ገባና ጥልቀቱን በጉልበቱ ለካ። ሲመለስ፣ «እዚህ ድልድይ ይሠራል እየተባለ አባቴ ሞተ» አለ፤ አዝኖ አይደለም፣ ውኃው ጉልበት እንደማያልፍ በሚናገርበት ድምፅ ነው። ሚስተር ማታይ ምን አለ አሉኝ። ተረጎምኩላቸው። ዣንጥላቸውን አጠፉ።

ዓርብ ጠዋት፣ ሙዱላ

ሽማግሌዎቹ ስድስት ናቸው፤ ከመካከላቸው ታላቅ በሆኑት በአቶ ሀንዲሶ እንሰት አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ሚስተር ማታይ ድምፅ ሲለምኑ እንደለመዱት ከእያንዳንዳቸው ፊት እየቆሙ መዳፋቸውን ገጥመው ጎንበስ አሉ። በርጩማ ቢቀርብላቸውም አልተቀመጡም።

እነዚያ ሽማግሌዎች ፊት እንዲህ የሚቆም በድሎ ለእርቅ የመጣ ሰው ነው። እኔ አላወቅኩም። ሸፊ ያውቃል፤ በኋላ ስጠይቀው፣ የተማረ ሰው አይታረምም ብሎ ዝም እንዳለ ነገረኝ።

አቶ ሀንዲሶ ሰውዬው ምን እንዳጠፋ ጠየቁ። ዛፍ ሊለምኑ እንደመጡ ተናገርኩ።

«ዛፉ ይቆያል» አሉ። «በደሉን ሳይናገር ግን አይቀመጥም።»

ለሚስተር ማታይ በእንግሊዝኛ ነገርኳቸው። ይስቃሉ ብዬ ነበር። እንደቆሙ ተናገሩ።

በመጀመሪያው ምርጫ ወንዝ ዳር ላለች አንዲት መንደር ድልድይ ቃል ገብተው ተመረጡ። ድልድዩ አልተሠራም። በዝናብ ወራት የመንደሩ ጀልባ ተገለበጠ፤ ቀዛፊው ሞተ። ለቅሶ ደረሱ። በሁለተኛው ምርጫ ያንኑ ድልድይ እንደገና ቃል ገቡ፤ እንደገና ተመረጡ። የቀዛፊው ሚስትም ድምፅዋን የሰጠችው ለእሳቸው ነበር። አሁን ደግሞ ተመልሰህ ተወዳደር ተብለዋል።

ሸፊ የሰው ንግግር ማሳጠር ይወዳል። ይህን አላሳጠረም።

ሽማግሌዎቹ ተነጋገሩ። በመጨረሻ አቶ ሀንዲሶ፣ «እኛን አልበደልክም፤ በእኛ ደጅ መቆምህ ለምንድን ነው?» አሉ። ቀጥለውም፣ «ወደ ሴትዮዋ ስትሄድ ድምፅዋን ልትጠይቅ ነው ወይስ ይቅርታዋን? ሁለቱን በአንድ ጉዞ አትጠይቃትም።»

ከዚያ ተቀመጥ አሏቸው። ተቀመጡ። አርባ ባሕር ዛፍ ተፈቀደ። ለዛፉ መቆም እንደማያስፈልግም አቶ ሀንዲሶ ነገሯቸው።

ቅዳሜ፣ ሆሳዕና

ስንመለስ ሀደሮ ላይ ወረቀት ለምነውኝ ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጻፉ። ረፋድ፣ አራት ሰዓት ካለፈ በኋላ ሆሳዕና ገባን። ሸፊ ሞተሩን አላጠፋም። ሚስተር ማታይ የቀኝ ኪሱን ደብዳቤ አውጥተው ቀደዱት። «አልመጣም» የሚለውን የግራውን ሰጡኝ። ቀጥሎ ሦስተኛ ፖስታ ሰጡኝ፤ አድራሻው የቀዛፊው ሚስት ስምና የመንደሯ ስም ነው።

«ትምህርት ቤቱ ለክረምት ሲዘጋ እሄዳለሁ» አሉ። «ለምርጫ አይደለም።»

ፖስታ ቤቱ በስድስት ሰዓት ይዘጋል። ሁለቱን ደብዳቤዎች ይዤ ሄድኩ።