ከበረዶው ሥር የሸሸው ውሃ

ቶሮንቶ፣ ፓርክዴል ሰፈር ባለው አፓርታማዬ ለአባዬ የቀዳሁለት ሶዳ ውስጥ በረዶው ቋ ብሎ ተሰነጠቀ። ሁለታችንም ወሬያችንን አቋረጥን።

ድምፁ የሁለታችንንም ሐሳብ ወደ አንድ የድሮ ቀን መለሰው፤ ያኔ ስምንት ዓመቴ ነበር። ሁዳዴ ገብቶ ስለነበር አባዬ "ለጾሙ ዓሣ እናመጣለን" ብሎ ከቶሮንቶ በስተሰሜን ወዳለ ጥልቅ የግድብ ሐይቅ ወሰደኝ። ዊንተሩን ሙሉ በረዶው ላይ የሚሰፍሩት ዓሣ አጥማጆች ድንኳናቸውን ነቅለው ሄደዋል። አባዬን ደስ አለው። "ዛሬ ሐይቁ የኛ ብቻ ነው!"

በረዶውን በመሰርሰሪያ በስቶ ለሳልሞን መንጠቆውን ለቀቀ። እኔ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጥኩ። ቀዳዳውን እስከ አፉ ሞልቶት የነበረው ውሃ ቀስ እያለ ወረደ፤ ከዚያ ጨርሶ ጠፋ። የቀረው ጨለማና የእርጥብ ብረት ሽታ ብቻ ነበር።

"አባዬ፣ ውሃው የት ሄደ?"

ጎንበስ ብሎ አየና ፊቱ ተለወጠ። "ግድቡን ከፍተውታል" አለ፣ ለራሱ እንደሚያወራ። ምን ማለቱ እንደሆነ ያኔ አልገባኝም፤ ውሃው ሲወርድ በረዶው ከሥሩ ባዶ ሆኖ እንደሚቀር ያወቅኩት በኋላ ነው። "ሚጣ፣ በደረትሽ ተኚና እየተሳብሽ ወደ መኪናው ሂጂ። አንቺ ቅደሚ።"

"አብረን እንሂድ፣ ፕሊስ!"

"አብረን ከሄድን ለበረዶው እንከብደዋለን።"

ስሳብ በረዶው ከደረቴ ሥር እንደ ባዶ በርሜል ያስተጋባ ነበር። ዳር ደርሼ ስዞር አባዬ እዚያው ቆሟል። መሬት እስክረግጥ ድረስ አንድ እርምጃ እንኳን አልተንቀሳቀሰም።

አሁን አፓርታማዬ ውስጥ አባዬ ብርጭቆውን አስቀምጦ ወለሉን ሥሩ ባዶ እንደሆነ በረዶ በጥርጣሬ አየ፤ ከዚያ ደግሞ በሩን።

"ሚጣ" አለኝ በቀስታ፣ "አንቺ ቅደሚ።"