ሦስት ጥላ ያለው ድንጋይ

ነገሩ የሆነው ዒድ ባለፈ በሳምንቱ ነው። አጅማን፣ አል ጁርፍ፣ ማዳም ቤት ልብስ እየተኮስኩ ሳለ የወንድሜ የሰይድ የድምፅ መልእክት ገባ። «እታለም፣ አትደንግጪ» ብሎ ጀመረ። በአትደንግጪ የሚጀምር ወሬ ምን እንደሆነ በሰው አገር ያላችሁ ታውቁታላችሁ። አባታችን ገና በጨለማ ለሱብሂ ሶላት ከወንዙ ማዶ ወዳለው መስጊድ ሲሄድ ወንዙ ላይ ወድቆ እጁ ተሰብሯል። እስካሁን የሚያንገበግበኝ ግን ያስከተለው ቃል ነው፤ «የላክሽው ባትሪ ነው የጣለው።»

እኔ ዕቃ ሳልፈትሽ የምገዛ ሰው አይደለሁም።

የእጅ ባትሪውን የገዛሁት ሻርጃ፣ ሮላ ገበያ ነው። አብራኝ የነበረችው ለእረፍት ቀን ማደሪያ ቤድ ስፔስ፣ የኪራይ አልጋ፣ የምንጋራው ሉባባ ናት። ሻጩ ሁለት አቀረበልን። አንዷ ጥቁር፣ ባለ አንድ ዓይን፣ ዓይኗም ሽምብራ የምታክል። ሌላው ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ አምፖል አለው፤ ሦስቱ አንድ ላይ ሲበሩ ነጭ ይሆናል። ግድግዳው ላይ አበራልን። እውነትም ነጭ።

«ያቺን ለመርፌ መፈለጊያ ተያት» አለች ሉባባ። «አባትሽ ሦስቱን ሲያበሩት መንደሩ ሰርግ ነው ብሎ ይወጣል።»

«በጨለማ ልየው» አልኩ። ጨለማ ከየት ይምጣ? ከአጅማን እስከ ዱባይ ብትሄዱ መንገዱ ሁሉ መብራት ነው። በመጨረሻ ሉባባ የገዛችውን አዲስ አባያ ቀሚስ ከነራሴ ተከናንቤ መዳፌ ላይ አበራሁት። መዳፌ እንደ ወተት ነጣ። ኸላስ፣ በቃ፣ ገዛሁት። አገር የምትገባ ልጅ ይዛልኝ ሄደች።

መዳፍና ወንዝ ግን አንድ አይደሉም። እግር ሥር ቦግ ይላል እንጂ ማዶ አይደርስም። ድንጋዩም ሁሉ በየቀለሙ ሦስት ጥላ ያወጣል።

«ሦስት ጥላ ያለው ድንጋይ በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም» አለኝ አባቴ። «የቱ ድንጋይ፣ የቱ ጥላ እንደሆነ ሳማርጥ ጥላውን ረገጥኩ።»

ቻርጁ ሲደክምማ ሰማያዊውና አረንጓዴው ቀድመው ይሞታሉ፤ ቀዩ ብቻውን ይቀራል። እኛ አገር ደግሞ ቻርጅ የሚደረገው በገበያ ቀን ከተማ ተወስዶ ነው።

ዱባይ ሆቴል ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚጠግን የአገራችን ልጅ አለ፤ ደውዬ ጠየቅኩት። ሳቀብኝ። «ነጭ የፈለገ ነጩን ይግዛ እንጂ ሦስት ቀለም እያዋጣ ምን ያደርጋል? ቻርጁን ሦስት ሆነው ይበሉታል። ሩቅ የምትደርሰው ያቺ ባለ ትንሽ ዓይኗ ናት፤ ብርሃኗን ሰብስባ ነው የምትወረውረው።»

በመጀመሪያው የእረፍት ቀኔ ሮላ ተመልሼ ጥቁሯን ገዛሁና ላክሁ። ጉዳዩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። አባቴ ግን ተቀብሎ ሳጥን ውስጥ ቆለፈባት።

«ይሄኛው ሳያልቅ አዲስ ይነካል እንዴ? ብክነት ሐራም ነው» አለኝ በስልክ።

«አባ፣ የጣለህ እኮ እሱ ነው።»

«የጣለኝማ ቀደር ነው፤ የአላህ ውሳኔ። ልጄ የላከችውን ባትሪ ምን አድርግ ትይኛለሽ?»

ድምፄን ከፍ አደረግሁበት፤ ወዲያው ደንግጬ «አፉ በለኝ» አልኩት። እሱ አፉ ብሎኛል። ሳጥኑን ግን አልከፈተም።

አሁንም አንድ እጁን በሻሽ አንግቶ፣ በሌላው ያንን ባለ ሦስት ቀለም ይዞ በየቀኑ ወንዙን ይሻገራል። እኔ እዚህ ሱብሂ ሰግጄ ስጨርስ እሱ ገና እየተነሳ ነው። ሰይድ «በሰላም ቤት ገብቷል» ብሎ እስኪልክልኝ ድረስ ሥራ የሚባል በእጄ አይገባም። ንዴቴም አልበረደልኝም።

ያን ዕለት ከወንዙ አንስታችሁ ጤና ጣቢያ ድረስ የተሸከማችሁት ሁለት ጎረቤቶቻችን፣ አላህ ይውደዳችሁ። ይህን የሚያነብላችሁ ካለ አንድ ነገር ልለምናችሁ። እናንተን እንቢ አይልም። የሳጥኑን ቁልፍ ተቀበሉትና ጥቁሯን አውጥታችሁ እጁ ላይ አስይዙልኝ። ያኛውን ለማንም ስጡት። እሱ ብክነት ነው ካላችሁ ወንጀሉ በእኔ ይሁን።