ፀሐይ ያልሞቅንበት ቀን

ሱቄን ሳልዘጋ ነው የወሰዱኝ። የእስር ክፍሉ በር ሲከፈት መጀመሪያ የላብ ሽታ ተቀበለኝ፣ ቀጥሎ የሰው ድምፅ። አንድ ቀጭን ሰውዬ በረጠበ ጣቱ ሲሚንቶው ላይ ልብ ይስላል፤ ሁለት ልጆች ሳይደርቅ ለማየት አጎንብሰዋል።

ሰውዬው የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ ነበር፤ ልጆቹም ተማሪዎቹ፣ ጂዳ አድገው የተመለሱ። ፈተናቸው በእንግሊዝኛ ነው፣ የሚገባቸው ግን በዓረብኛ። ስለዚህ ክፍል ውስጥ ነገሩን በዓረብኛ ያስረዳና ስሙን በእንግሊዝኛ ያስይዛቸው ነበር። "ምን እየሰበክህ ነው?" ተባለና ሦስቱም ታሰሩ። ልጆቹ እዚያው ሆነው ሊፈተኑ ተፈቅዶላቸው ስለነበር ማስተማሩን አልተወም። እኔ ከቁርኣን ቤት በቀር ትምህርት አላየሁም፤ ቢሆንም ዓረብኛው ጫፍ ጫፉ እየገባኝ ጆሮዬን ጣል አደርግ ነበር። ደም ከልብ ወጥቶ ተመልሶ ልብ እንደሚገባ ያወቅኩት እዚያ ነው።

አንድ ቀን ዘበኛው በሩን ደበደበ። "ዓረብኛ ከሰማሁ ይህ ክፍል ነገ ፀሐይ አይሞቅም!"

ፀሐይ ለኛ ቁስል ማድረቂያ፣ ቅማል መልቀሚያ፣ ሰማይ ማያ ናት። አስተማሪው በእንግሊዝኛ ብቻ ቀጠለ።

"ቲቸር፣ አልገባኝም" አለ አንደኛው ልጅ።

ካቦው፣ ማለት እኛው የመረጥነው የክፍሉ አለቃ፣ አንገቱ ላይ ማተብ ያለው የጎጃም ሰው ነበር። ከጥጉ ቀና አለ።

"በሚገባቸው ንገራቸው እንጂ!"

"ጋሼ፣ ፀሐይዋስ?" አለ አስተማሪው።

"ፀሐይ ነገም ከነገ ወዲያም ትወጣለች። አንተን ግን ነገ ይወስዱህ ይሆናል።"

"እኔማ እስካሁን የጠቆርኩት ይበቃኛል" አለ አንዱ እስረኛ። ሳቅን።

አስተማሪው ጣቱን ውሃ ነከረ። በዓረብኛ ጀመረ፤ ድምፁንም ዝቅ አላደረገም።

በማግስቱ በራችን አልተከፈተም። የሌሎቹ ኮቴ ግቢው ውስጥ ሲመላለስ እንሰማለን። ማንም አላጉረመረመም። ካቦው ብቻ፣ "ቲቸር፣ ዛሬ ስለ ሳንባ ነው ያልከን?" አለ።

ብዙም ሳይቆይ አስተማሪውን ወሰዱት። የት እንደደረሰ እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

አሁን የምኖረው ካፔለ በምትባል የፈረንጅ ከተማ ነው። እዚህ አገር ፀሐይ ብቅ ካለች ጎረቤቱ ሁሉ ወንበሩን ይዞ በረንዳ ላይ ነው። ባለፈው እሁድ የልጅ ልጄ ከሶሪያ የመጣች የክፍል ጓደኛዋን አምጥታ ሳሎን ያጠኑ ነበር። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ የኛዋ መስጊድ በተማረቻት ዓረብኛ ታስረዳታለች፣ ሲያጥራት በእጇ።

"አባባ፣ ሌከር ፀሐይ ወጥታለች፣ ውጣ እንጂ!" አለችኝ፤ ሌከር በዚህ አገር ቋንቋ ደስ የሚል ማለት ነው።

"ትቆየኝ ልጄ" አልኳት።

ወንበሬን ወደነሱ አስጠግቼ፣ ፀሐይዋ ከበረንዳው ዘወር እስክትል አዳመጥኳቸው።