የአጥንት ቤት ሥዕል ይዤ ወደ አዳማ

ቅዳሜ፣ ማለዳ፤ አዲስ አበባ

ለገሃር ስደርስ ገና አልነጋም። ሦስተኛ ማዕረግ፤ የእንጨት መቀመጫ፣ የዶሮ ቅርጫት፣ የቆዳ ሽታ። በኪሴ አንድ የፖስታ ካርድ ይዣለሁ። ታላቅ ወንድሜ ቱፋ የዛሬ አሥራ ስድስት ዓመት ሥራ ፍለጋ በባቡር ጅቡቲ ወርዶ ፈረንሳዮች ጀርመንን ለሚወጉበት ጦራቸው መለመሉት፤ ከዚያ ወዲህ ወሬው ጠፋ። ካርዱን የላከልኝ አብሮት የዘመተ ሰው ነው፤ አድራሻዬን ያገኘው ዘንድሮ ነው። ሥዕሉ ረጅም የድንጋይ ሕንጻ ነው፤ መካከሉ ላይ ማማ፣ ከፊቱ ሜዳ ሙሉ መስቀል። በጀርባው እንዲህ ይላል፦ «ቱፋ ሞቷል። ፈረንሳይ አገር ለወታደሮቹ መታሰቢያ በተሠራው በዚህ ቤት የብዙ ሰው አጥንት ተቀላቅሎ ተቀምጧል። የእሱም እዚያ ይሆናል።»

ይሆናል! ይህን ለእናቴ በምን አፌ እነግራታለሁ?

ረፋድ፤ ሞጆ

ባቡሩ ቆሟል። ሴቶች በመስኮት ሎሚና የተቀቀለ እንቁላል ያቀርባሉ፤ ሎሚው ሦስት በቤሳ። አጠገቤ የተቀመጡ የወሎ ነጋዴ፣ ሽማግሌ ሐጂ፣ ካርዱን አይተው፣

«የንጉሥ ቤት ነው?» አሉኝ።

«የሙታን ነው፣ አባቴ። የወንድሜም።»

«እናት አለችው?» አሉኝ።

«አለችው። ወደ እሷ ነው የምሄደው።»

የገዙትን ሎሚ እጄ ላይ አኖሩና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ከቀትር በኋላ፤ አዳማ

አቧራ፣ ግራር፣ ጥቂት የቆርቆሮ ሱቆች፣ ጨው የጫኑ ግመሎች። የመልካሳን መንገድ ይዤ አንድ ሰዓት ያህል በእግሬ ሄድኩ።

እናቴ ደጅ ላይ ማሽላ ታበጥራለች። «ኢልመ ኮ! ልጄ!» ብላ አገላብጣ ሳመችኝ። ካርዱን ሰጠኋት። ማንበብ አትችልም። ሥዕሉን ወደ ዓይኗ አስጠግታ ቆየችና እልል አለች።

«ቱፋ ቤት ሠራ! አላልኩም? የመስኮቱ ብዛት! ስንት ልጅ ወልዶ ነው?»

ጎረቤት እልልታውን ሰምቶ ተሰበሰበ። የነገርኳት በእነሱ ፊት ነው።

አላለቀሰችም። ጣቷን በመስቀሎቹ ላይ እያስኬደች፣ «የትኛው ነው የሱ?» አለች።

«አይታወቅም፣ እማዬ።»

«የትኛው ቄስ ፈታው?»

ይመጣል ብላ ይህን ሁሉ ዓመት ተዝካሩን እንኳ አላወጣችም።

እሑድ

ሲነጋ ነጠላዋን አዘቅዝቃ እዚያው ደጅ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ሰኞ ሥራ መግባት አለብኝ። ጋቢዬን ደርቤ ልሰናበታት ጎንበስ አልኩ።

«አንተም በባቡሩ ነው የምትሄደው?»

«አዎ፣ እማዬ።»

የጋቢዬን ጫፍ ጨበጠች። ቀስ ብዬ ላስለቅቃት ሞከርኩ፤ አልለቀቀችም። ባቡሩ አዳማ ላይ ሲጮኽ ከሩቅ ተሰማ። አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።